ጥጆች በ2ኛው ሳምንት ተቅማጥ ይይዛቸዋል፣ ከዚያ ዕድገታቸው ይቆማል፤ ፕሮባዮቲክ ልግዛ?

ሱሉልታ_ላም፦

ጤና ይስጥልኝ። የቦረናና የሆልስታይን ዲቃላ ጥጆች ናቸው፤ ሲወለዱ ከ27 እስከ 32 ኪሎ ይመዝናሉ። ከ8ኛው እስከ 12ኛው ቀን ባለው ጊዜ ሁሉም ማለት ይቻላል ቢጫ፣ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ይይዛቸዋል። ደም የለውም፤ የሰውነት ሙቀታቸው ከ38.8 እስከ 39.2 ነው። ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ይወጋሉ፣ በ4 ወይም በ5 ቀን ይቆምላቸዋል። አይሞቱም፤ ነገር ግን 2 ወር ሲሞላቸው 45 ኪሎ ቢሆኑ ነው። ሆዳቸው ይነፋል፣ ፀጉራቸው ይቆማል።

አያያዙ እንዲህ ነው። እንገር ራሳቸው ይጠባሉ፣ መጠኑ አይለካም። ሌሊት የተወለደውን ሰው የሚያየው ጠዋት አለባ ላይ ነው። ከዚያ በቀን 3 ሊትር ወተት በባልዲ፣ ጠዋትና ማታ ተከፍሎ። ከ2ኛው ሳምንት ጀምሮ የጤፍ ጭድና ድርቆሽ ፊታቸው አለ። ፋጉሎና ፉርሽካ የሚጀምሩት በ2ኛው ወር፣ ውሃም ያኔ ነው።

አሁን መድኃኒት ሻጩ «የአንጀት ባክቴሪያ የሚተካ» የሚባል ዱቄት አቅርቧል። እሱን ልግዛ? ወይስ እርጎ ማጠጣት ያው ነው? የምትገነዘቡት ሌላ ጉድለት ካለም ንገሩኝ።

ሐኪም_ቢሾፍቱ፦

ቀኑንና ሙቀቱን መጻፍዎ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው «ተቅማጥ» ብሎ ብቻ ይጠይቃል። ኬ99 የሚባለው የኢ. ኮላይ ዓይነት ጥጃን የሚመታው በአብዛኛው ከ1ኛው እስከ 5ኛው ቀን ነው። ሮታ ቫይረስ፣ የከብት ኮሮና ቫይረስና ክሪፕቶስፖሪዲየም (በዓይን የማይታይ የአንጀት ጥገኛ) ከ5ኛው ቀን እስከ 3ኛው ሳምንት ይመጣሉ። ኮክሲዲያ፣ ሌላው የአንጀት ጥገኛ፣ ከ3ኛው ሳምንት በፊት እምብዛም አይታይም፣ ሲመጣም ብዙ ጊዜ ደም ያሳያል። የእርስዎ ጥጆች መሃለኛው ምድብ ውስጥ ናቸው፤ የትኛው እንደሆነ የሚለየው የሰገራ ምርመራ ነው። በዚህ ምድብ ላይ ደግሞ ኦክሲ ምንም አይሠራም። ተቅማጡ የቆመው ጊዜውን ስለጨረሰ ነው። መርፌው የሠራው ነገር ቢኖር አንጀት ውስጥ ገና በመደራጀት ላይ ያለውን ባክቴሪያ ማናጋት ነው።

ያ ባክቴሪያ ከየት ይመጣል? ጥጃ ሲወለድ አንጀቱ ባዶ ነው ቢባል ብዙ አያሳስትም። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከእናቱ ማህፀን በር፣ ከግቷ፣ ከምላሷ፣ ከወለሉ፣ ከእበቱ ያገኘው ሁሉ ይገባል። ቀድመው የሚበዙት ኦክስጅን የሚጠቀሙት ናቸው፣ ኢ. ኮላይና ስትሬፕቶኮከስ። እነሱ ኦክስጅኑን ሲጨርሱት ኦክስጅን የማይወዱት ይከተላሉ፤ ላክቶባሲለስ፣ ቢፊዶባክቴሪየም፣ ባክቴሮይድስ። ይህን ሽግግር የሚያፋጥነው እንገር ነው። እንገር ውስጥ በሽታ ከሚከላከለው አንቲቦዲ ሌላ ጥጃው ራሱ የማይፈጨው፣ ቢፊዶባክቴሪየም ግን የሚመገበው የስኳር ሰንሰለት አለ። አዘግይተው ከሰጡ ሁለት ጊዜ ይከስራሉ፦ አንቲቦዲው ሳይገባ ይቀራል፣ መጥፎው ባክቴሪያም ቦታውን ይይዛል። አንጀቱ ላይ የሰፈረው ባክቴሪያ ራሱ የአንቲቦዲውን ማለፍ ስለሚያውክ ሁለቱ ኪሳራዎች ይደራረባሉ።

ስለዚህ ዱቄቱን ከመግዛትዎ በፊት እንገሩን ያስተካክሉ። 

መጠኑ የክብደቱ 10 በመቶ ነው፤ ለ30 ኪሎ ጥጃ 3 ሊትር፣ በመጀመሪያው 2 ሰዓት፣ ቢዘገይ በ4 ሰዓት ውስጥ። ከ12 ሰዓት በኋላ ሌላ 1.5 ሊትር። ከ6 ሰዓት በኋላ አንጀቱ አንቲቦዲ የማሳለፍ አቅሙ በግልጽ ይወርዳል፣ በ24 ሰዓት ይዘጋል። «ሲጠባ አይቻለሁ» መለኪያ አይሆንም፤ ደካማ ጥጃ ጡቱን ይዞ ግማሽ ሊትር እንኳ ሳይጠጣ ይቆማል። አልበው በጡጦ ይስጡት። አልጠባም ካለ በጉሮሮ ቱቦ ይሰጣል፤ ጥጃው ቆሞ ወይም በደረቱ ተቀምጦ፣ ቱቦው ከትንፋሽ ቧንቧው ጎን በእጅ እየተዳሰሰ። ይህን አንድ ጊዜ ባለሙያ ሳያሳይዎ አይሞክሩት፤ ሳንባ ውስጥ ከገባ ጥጃው አለቀ።

ጥራቱን ዓይን አይለየውም። ወፍራምና ቢጫ የሆነ ሁሉ ጥሩ አይደለም። ማር ነጋዴዎች የሚይዙት ዓይነት ብሪክስ ሪፍራክቶሜትር፣ በጠብታ ውስጥ የሟሟውን መጠን በብርሃን የሚያነብ መሣሪያ፣ እዚህም ይሠራል፤ ግን የማሩ መለኪያ ከ58 በላይ ብቻ የሚያነብ ስለሆነ ከ0 እስከ 32 የሚያነበውን ይግዙ። 22 እና ከዚያ በላይ ካሳየ ለመጀመሪያው መጠጥ ይሆናል፣ ከዚያ በታች ከሆነ ለ2ኛውና ለ3ኛው መጠጥ ይዋል። ላሚቱ ወልዳ በቆየች ቁጥር ጥራቱ ይወርዳልና አለባውን ለጠዋት አያሳድሩት።

ንጽሕናው ከመጠኑ አይተናነስም። ጡት ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ወደ ታጠበ ብረት ዕቃ ይታለብ። ለብ ባለ እንገር ውስጥ ባክቴሪያ በየ20 እና 30 ደቂቃው እጥፍ ይሆናል፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልተጠጣ ፍሪጅ ይግባ።

እትብቱንም በተወለደ በመጀመሪያው ሰዓት አዮዲን ውስጥ ይንከሩት። መርጨት አይበቃም።

መኖ_ቀማሚ፦

ዶክተሩ ስለ ተቅማጡ ተናግሯል። ዕድገቱ የቆመው ግን በተቅማጡ ብቻ አይደለም፤ ሒሳቡን እንየው።

አንድ ሊትር ወተት ለጥጃ በግምት 0.67 ሜጋካሎሪ ይሰጣል። 30 ኪሎ ጥጃ ሳያድግ ነፍሱን ለማቆየት ብቻ ወደ 1.3 ሜጋካሎሪ ይፈልጋል፤ ያ 2 ሊትር ወተት ነው። 3 ሊትር ሲሰጡት ለዕድገት የሚተርፈው የአንድ ሊትሩ ነው፤ ከዚያ የሚወጣው ጭማሪ በቀን 300 ግራም ቢሆን ነው። ይህም ሳይበርደውና ሳይታመም። ከ3 ሳምንት በታች ያለ ጥጃ ከ15 ዲግሪ በታች ሲሆን ለሙቀት ጉልበት ማውጣት ይጀምራል፤ የሱሉልታ ሌሊት ደግሞ ከዚያ በብዙ ይወርዳል። እነዚህን ቀንሰው 45 ኪሎ መድረሱ የሚገርም አይደለም። 5 ሊትር ቢሰጡት ለ700 ግራም የሚበቃ ጉልበት ያገኛል። ወተቱ ለገበያ ነው የሚሉ ከሆነ ቢያንስ እስከ 5ኛው ሳምንት ከ4.5 ሊትር አይውረዱ፤ የቀነሱትን ወተት በኋላ በፋጉሎ አይመልሱትም። የወተቱን ጭማሪ በአንድ ቀን ሳይሆን በ4 እና 5 ቀን ያድርጉት።

ሆዱ የተነፋው በጭዱ ነው። ጥጃ ሲወለድ ሩመኑ፣ ትልቁ ጨጓራ፣ ትንሽና የማይሠራ ከረጢት ነው። ወተት በእሱ በኩል አያልፍም፤ ጥጃው ሲጠባ የሚዘጋ ቦይ አለ፣ ወተቱን በቀጥታ ወደ አቦማሰም፣ ወተት ወደሚፈጭበት ጨጓራ፣ ይወስደዋል። ስለዚህ የሩመኑን ባክቴሪያ የሚመግበው ወተት አይደለም፣ ጥራጥሬ ነው። ባክቴሪያው በቆሎውን ሲያብላላ ቡቲሬትና ፕሮፒዮኔት የሚባሉ አሲዶች ይወጣሉ፤ የሩመኑን ግድግዳ ጣት መሰል ቅጥያዎች የሚያሳድጉት እነዚህ ናቸው፣ ምግቡም ወደ ደም የሚገባው በእነዚያ ቅጥያዎች ነው። ይህ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሙከራ የታወቀ ነው፤ ወተት ብቻ የጠጣ ጥጃ ሩመኑ ውስጡ ልሙጥ ሆኖ ይቀራል። ጭድና ድርቆሽ ከረጢቱን ይለጥጣል፣ ጡንቻውን ያጠነክራል፣ ግድግዳውን ግን አያሳድግም። የ3 ሳምንት ጥጃ ጭድ ማብላላት ስለማይችል ጭዱ እዚያው ይከማቻል። ከውጭ የጠገበ ይመስላል፣ ከውስጥ ተርቧል።

መኖውን ከ4ኛው ቀን ጀምሩ፤ አንድ እፍኝ። መጀመሪያ ወተቱን እንደጨረሰ አፉ ላይ ትንሽ ማድረግ ያለማምደዋል። በየቀኑ የተረፈውን ለላሞቹ ሰጥቶ አዲስ መተካት ነው፤ የረጠበና የሻገተ መኖ ጥጃ አይነካም። ለ100 ኪሎ የሚሆን ቅንብር፦

የተከካ በቆሎ 48፣ የስንዴ ፉርሽካ 17፣ የኑግ ፋጉሎ 20፣ የአኩሪ አተር ፋጉሎ 12፣ ጨው 1፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት 1፣ የቫይታሚንና ማዕድን ድብልቅ 1። ፕሮቲኑ ወደ 18 በመቶ ይመጣል።

በቆሎው ይከካ እንጂ እንደ እንጀራ ዱቄት አይላም። የላመው አፍንጫውን ይደፍነዋል፣ ሩመን ውስጥም ቶሎ ብሎ አሲድ ይሆናል። የአኩሪ አተሩ ፋጉሎ ካልተገኘ የተቆላ አኩሪ አተር ይሆናል፣ ጥሬው ግን አይሆንም። የኑጉን ፋጉሎ አሽትቱ፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው ፋጉሎ በአፍላቶክሲን ስሙ የተነሳ ነው፣ የሻገተ ወይም እርጥብ መጋዘን ያደረ አትግዙ፤ የማይሸተውም ንጹሕ ነው ማለት ስላልሆነ ድርሻውን ከ20 አታሳልፉት። ዩሪያ ያለበት የላም መኖ ለጥጃ አይሰጥም።

ውሃው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ «ወተት ይጠጣ የለ?» ይላል። ወተቱ ወደ አቦማሰም እንደሚሄድ አይተናል፤ ሩመን ውስጥ የሚገባው ባልዲ ውስጥ የሚጠጣው ውሃ ነው። ውሃ በሌለበት ባክቴሪያ አይራባም፣ ጥጃውም ደረቅ መኖ አይበላም። ከ4ኛው ቀን ጀምሮ ንጹሕ ውሃ ቀኑን ሙሉ ፊቱ ይኑር፣ ከመኖው ትንሽ ራቅ ብሎ፣ አለበለዚያ በአፉ ያመጣው መኖ ውሃውን ያበላሸዋል።

ጭዱን አንሱት። ለስላሳ ድርቆሽ ከ4ኛው ሳምንት በኋላ በትንሹ ይበቃል።

ሱሉልታ_ላም፦

ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። ተቅማጥ የያዘውን ጥጃ «አንጀቱ ይረፍ» ብለው ወተት ለ2 ቀን እንድናቆም ይመክሩናል፤ በምትኩ ስኳርና ጨው በውሃ እንሰጣለን። ይህ ልክ ነው? ጋጣውንም በበረኪና እናጥባለን፣ ተቅማጡ ግን አይቀርም።

ሐኪም_ቢሾፍቱ፦

ወተቱን አያቁሙ። የተጎዳው አንጀት የሚጠገነው በወተቱ ነው፤ 2 ቀን የተራበ ጥጃ የሚያጣውን ክብደት ለመመለስ ሳምንት ይፈጅበታል። ወተቱ እንደወትሮው ይሰጥ፣ ካልጨረሰው በ3 እና በ4 ጊዜ ተከፋፍሎ ይቅረብለት።

ስኳሩ ደግሞ ያባብስበታል። የቤት ስኳር ለሰው ልጅ ይሆናል፤ ጥጃ ግን ሱክሮስን የሚከፍለው ኢንዛይም የለውም። ያልተፈጨው ስኳር ወደ ታችኛው አንጀት ወርዶ ውሃ ይስባል፣ ባክቴሪያም ያብላላዋል፣ ተቅማጡ ይጨምራል። ጥጃ የሚጠቀመው ግሉኮስና የወተቱን ስኳር ነው። ፋርማሲ ያለው ኦአርኤስ በግሉኮስ የተሠራ ስለሆነ ይሆናል። የጥጃ ተብሎ የሚሸጠው ሶዲየሙም የደም አሲድ የሚያስተካክለው ክፍልም ከፍ ያለ ነውና ከተገኘ ይመረጣል፤ ካልተገኘ የሰውን ኦአርኤስ በፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውሃ ልክ፣ ሳይወፍርም ሳይቀጥንም፣ ይበጥብጡ። 2 ሊትር በአንድ ጊዜ፣ ለብ አድርገው፣ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ከወተቱ 2 ሰዓት ተራርቆ። ከወተት ጋር አይቀላቀል።

ስንት እንደጎደለው በቆዳው ይለካል፤ የአንገቱን ቆዳ ቆንጥጠው ይልቀቁ። ወዲያው ከተመለሰ ደህና ነው። 2 ሰከንድ ካለፈና ዓይኑ ትንሽ ከገባ ኦአርኤሱን አሁኑኑ ይጀምሩ። ዓይኑ በግልጽ ጎድጉዶ፣ አፉ ቀዝቅዞ፣ ጣት ሲያስገቡለት መጥባት ከተወ ወይም መቆም ካቃተው በአፍ የሚሰጥ አያድነውም፤ በደም ሥር ግሉኮስና ባይካርቦኔት የሚሰጥ ሐኪም ይጠሩ። በዚያ ሰዓት የሚገድለው የውሃ ማነስና የደሙ አሲድ መሆን ነው፣ ብዙ ጊዜ ባክቴሪያው አይደለም።

አንቲባዮቲክ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፦ ሙቀቱ ከ39.5 ሲያልፍ፣ ሰገራው ደም ሲኖረው፣ ወይም ውሃው ተተክቶለት እንኳ ደንዝዞ ሲተኛ። ሙቀት ያለ ምክንያት ዝቅ ቢልም፣ ከ38 በታች፣ አደጋ ነው። ከዚህ ውጭ መርፌው ይቅር። በተጨማሪ የጡት በሽታ ታክማ የሚጣለውን የላም ወተት ለጥጃ አትስጡ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አንቲባዮቲክ እንደማጠጣት ነው፤ ለመድኃኒት የማይበገር ባክቴሪያ የሚያድገው እንዲህ ነው።

በረኪናን በተመለከተ፦ ክሪፕቶስፖሪዲየም ከሆነ በረኪና አይነካውም። እንቁላል መሰል ሽፋኑ ክሎሪንን ይቋቋማል። የሚፈራው ድርቀትንና ሙቀትን ነው። ጉዝጓዙ ሁሉ ይውጣ፣ ወለሉ በሳሙና ይታጠብ፣ የፈላ ውሃ ይፍሰስበት፣ ከዚያ ቢያንስ ሳምንት ያህል ፀሐይና ነፋስ እያገኘ ባዶውን ይድረቅ። ሁለት ማቆያ ቢኖርዎ እየተፈራረቁ ይደርቃሉ። የታመመውን ለይተው፣ ሁልጊዜ ጤነኞቹን መጀመሪያ፣ የታመመውን መጨረሻ ላይ ያጠጡ። ጉዝጓዙ ላይ ለ20 ሰከንድ ይንበርከኩ፤ ጉልበትዎ ከረጠበ ጥጃው ይበርደዋል። በሽታው ወደ ሰውም ይተላለፋል፤ ልጆች የታመመ ጥጃ አያጠቡ፣ እጅ በሳሙና ይታጠብ።

እርጎና_ወተት፦

የመጀመሪያው ጥያቄ ሳይመለስ ቀርቷል፤ ዱቄቱና እርጎው።

ዱቄቱን ሲያዩ ፓኬቱን ያዙሩት። የባክቴሪያው ሙሉ ስም፣ በግራም ስንት ሕያው ባክቴሪያ እንዳለ፣ ማብቂያ ቀኑና የሚቀመጥበት ሙቀት ካልተጻፈ ውድ ዱቄት ነው የሚገዙት። ላክቶባሲለስ ወይም ቢፊዶባክቴሪየም ያለበት ሱቁ ሙቀት ላይ ከርሞ ከሆነ ብዙው ሞቷል። ባሲለስ ስፖር፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው ዘር መሰል ነገር፣ ስለሚሠራ ሙቀት ይችላል። እርሾ የሆነው ሳካሮማይሲስ አንቲባዮቲክ አይገድለውም፣ ሌሎቹን ግን መርፌው ይጨርሳቸዋል፤ ኦክሲ እየወጉ ላክቶባሲለስ ማጠጣት ገንዘብ ማፍሰስ ነው። ወተቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሞቅም አይበጥብጡት።

ውጤቱ? ዶክተሩን ልደግፈው፣ ግን ጨርሶ ዋጋ የለውም አልልም። አንዳንድ ሙከራ ላይ ተቅማጥ ቀንሷል፣ ሌላው ላይ ምንም ለውጥ አልታየም። ሲሠራም በየቀኑ እስከተሰጠ ድረስ ነው፤ ብዙዎቹ አንጀት ውስጥ አይሰፍሩም፣ ሲቋረጥ አብረው ይወጣሉ። እንገርና መኖ ከተስተካከለ በኋላ ትርፍ ገንዘብ ካለ ይሞከር። ሕያው እርሾ ጥራጥሬ መብላት በጀመረ ጥጃ ላይ ከሌሎቹ የተሻለ ምክንያት አለው፤ ሩመን ውስጥ የገባውን ኦክስጅን ይጠቀምበታልና።

ባክቴሪያ መስጠት በእርግጥ የሠራበት ቦታ ጫጩት ላይ ነው። በ1973 (እ.ኤ.አ.) ፊንላንዳውያኑ ኑርሚና ራንታላ የትልቅ ዶሮ አንጀት ውስጥ ያለውን ለአንድ ቀን ጫጩቶች ሰጥተው ሳልሞኔላ እንዳይሰፍርባቸው እንደሚያደርግ አሳዩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ በማሽን የተፈለፈለ ጫጩት እናቱን አያያትም፣ የሚወርሰው ባክቴሪያ የለም። ጥጃ ግን እናቱ ትልሰዋለች፣ ግቷን ይነካል። የጥጃ ችግር ባክቴሪያ ማጣት ሳይሆን ከመጡት መካከል መጥፎዎቹ መቅደማቸው ነው፤ ያን ዱቄት አይፈታውም።

እርጎው፦ የላቲክ አሲድ ባክቴሪያ በብዛት አለው፣ አሲዱም ብዙ መጥፎ ባክቴሪያ ያዳክማል። ግን ከጥሬ ወተት የረጋ ከሆነ በወተቱ የነበረው የውርጃ በሽታ ባክቴሪያ ብሩሴላና የሳንባ ነቀርሳ ተሐዋሲ እርጎ ስለሆነ ብቻ ሞቷል ተብሎ አይታመንም። ወተቱ ፈልቶ፣ ቀዝቅዞ፣ በ2 ማንኪያ ጥሩ እርጎ ይርጋ፤ ከ1ኛው ሳምንት በኋላ 1 ወይም 2 ሲኒ ከወተቱ ጋር ይሰጥ። ለታመመ ጥጃ መድኃኒት አይደለም፣ የወተቱንም ቦታ አይተካም። ቅቤው የወጣለት አሬራ ከሆነ ደግሞ ስቡ የለም፤ ስቡ ለጥጃ ጉልበቱ ነው።

መኖ_ቀማሚ፦

ባልዲውን ረስተነው ነበር። ወተት በቀዝቃዛው ወይም በችኮላ ሲጎነጭ ያ ቦይ በደንብ አይዘጋም፤ ወተቱ ሩመን ውስጥ ገብቶ ይኮመጥጣል። ምልክቱ ከጠጣ በኋላ ግራ ጎኑ ይነፋል፣ ሰገራው እንደ ሸክላ ጭቃ የሚያጣብቅ ግራጫ ይሆናል። ወተቱ 38 እስከ 40 ዲግሪ ይሁን፣ ሰዓቱ አይለዋወጥ፣ ጡጦ ያለው ባልዲ ከወለሉ 60 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይሰቀል፤ ጥጃው አንገቱን ዘርግቶ እንዲጠባ።

ጡት ማስጣል ደግሞ በዕድሜ አይወሰንም። በተከታታይ 3 ቀን በቀን 1 ኪሎ መኖ ሲጨርስ ነው፤ ለትንንሾቹ ዲቃላዎች 800 ግራም ይበቃል። ሩመኑ ጥራጥሬ ከጀመረ በኋላ ለመደርጀት 3 ሳምንት ያህል ይፈልጋል፣ ስለዚህ ወተቱን በ10 ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ ይቀንሱ። በአንድ ቀን ከተቆረጠበት በሚቀጥሉት 2 ሳምንታት ክብደት ይጥላል።

ሱሉልታ_ላም፦

ሌሊት የሚወለደውን እንዴት እናድርግ? ላሚቱ ብቻዋን ናት፤ ወይም የመጀመሪያ ወላድ ሆና እንገሯ ጥቂት ይሆናል።

ሐኪም_ቢሾፍቱ፦

የቀን መቁጠሪያ ይያዙ። ከተዳቀለችበት ቀን 280 ቀን ይቆጠራል፤ ከ5 ቀን በፊት ጀምሮ ለብቻዋ ደረቅ ጉዝጓዝ ያለበት ጋጣ ትግባ፣ ግቷ ሲወጠርና የጭራዋ ግራና ቀኝ ሲላላ ሌሊት ሁለቴ ትታይ።

የተትረፈረፈ እንገር ካላት ጤነኛ ላም፣ ብሪክሱ 22 ያለፈውን ብቻ፣ ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ውስጥ ያቀዝቅዙ። ጠርሙሱ ጢም አይበል፣ ሲቀዘቅዝ ይፈነዳል። ቀኑና የላሚቱ ስም ይጻፍበት። በዲፕ ፍሪዝ እስከ 1 ዓመት ይቆያል፣ በፍሪጅ 2 ቀን። ብሩሴላ ያልተመረመረች ላም እንገር ለሌላ ላም ጥጃ አይቀመጥ። መብራት ጠፍቶ የቀለጠውን በዚያው ቀን ይጠቀሙበት እንጂ መልሰው አያቀዝቅዙት።

ሲያቀልጡ በ50 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ይንከሩት፣ ቴርሞሜትር ገብቶ። የፈላ ውሃ ውስጥ ከተጣለ አንቲቦዲው ይበላሻል፣ የሚቀረው ተራ ወተት ነው። አንድ ሊትር ለመቅለጥ ግማሽ ሰዓት ያልፈዋል፤ ስለዚህ ላሚቱ ማማጥ ስትጀምር 3 ጠርሙስ ከፍሪዝ ይውጣ።